ሠርፀ ፲፰

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬም በር። ሁለት የግቢ በር፣ አንድ የመስኮት ፍርግርግ። ጄነሬተሩ ሦስቴ ጠፋብኝ፣ ሦስቴም ሰደብኩት።

ከሰዓት በኋላ ሉቃስ መጣ። ጡብ ነጋዴው። በልጅነቱ ተሰዶ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚፈጥን። አምና የግቢውን በር ሠርቼለታለሁ። በሩን ያየ ሁሉ "ማን ሠራው?" ሲለው "ሀበሺው" ይላል አሉ። ሀበሺው! በዚህ በሰው አገር፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ብቻ ስንት ሀበሻ አለ? ስም የለኝም? ፊት ለፊት ነገርኩት። ሳቀብኝ። ፊት ለፊት ሲያገኘኝ ኡስታ ነው የሚለኝ፣ ባለሙያው ማለቱ ነው።

"እሱን ተወው ኡስታ። ጠመንጃ ሠርተህ ታውቃለህ?"

"ሰውዬ፣ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ ይወራል? ልታሳስረኝ ነው?"

የማይተኩስ ነው አለ። የድሮ ዕቃ አምሳያ። ዓርብ ቤቴ ና፣ ላሳይህ አለኝ።

በር ሰልችቶኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አየሁት! ይኼ ጠመንጃ አይባልም፤ የመድፍ ታናሽ ወንድም ነው። ቁመቱ እኔን ይበልጣል። ከሆዱ ሥር እንደ ሹካ ያለ ብረት አለው፤ እሱን ግንብ ወይም አጥር ላይ ተክለው ነበር የሚተኩሱት። በሰው ትከሻ የሚቻል አይደለም። አፈሙዙ ውስጥ አውራ ጣቴን ከተትኩ... ሰፋው። የእኔን አውራ ጣት! አረሩ ትንሽ ሎሚ ያህል ይሆናል።

የእነ ሉቃስ ቅድመ አያት ከዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች አጥር ላይ ነቅሎ ያመጣው ነው ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት እኔ እንጃ። ቤተሰቡ ግን በሱ ነው የሚምለው።

ጉዱ ደግሞ ቀለሙ። የሉቃስ ወንድም አምና ለሠርጉ "ያብረቅርቅ" ብሎ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ የብር ቀለም ቀብቶታል። ቀለሙን ከየት አመጣ? እኔ ከሠራሁት በር የተረፈ! ራሴን ያዝኩ። የመቶ ምናምን ዓመት ነፍጥ የውኃ ታንከር መስሎ ተጋድሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጅዋ የምትባል ሴት ቡሉክ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የድሮ ዕቃ ኤግዚቢሽን ልትከፍት ነው። ዋናው እንዲታይ፣ የተማሪዎች እጅ የሚነካው ደግሞ ቅጂ እንዲኖር ትፈልጋለች። ቅጂው ልክ የድሮው ፎቶ ላይ ያለውን ይምሰል ብላለች። እሷ ያየችው ሉቃስ ስልክ ላይ ያለውን ያንን ፎቶ ብቻ ነው፤ መቀባቱን አታውቅም።

ሉቃስ ግን ልቡ አልቆረጠም። "አባቴ ሲሞት ከቤት እንዳታወጣው ነው ያለኝ። አውጥቼ አንድ ነገር ቢሆንስ?"

"እኔ ዋስ!" አልኩ። ሳላስበው። "አንድ ጭረት ቢነካው በእኔ ይሁንብህ። እንደወሰድኩት እመልስልሃለሁ።"

እጄን መታ። ካላስ፣ አለቀ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ልኬት ልወስድ ፈታሁት። ብረቱን ከእንጨቱ ሳነሳ ሆዱ ቀለም አልነካውም። የሠሪውን ስም ፈለግሁ። በባትሪ አየሁ፣ በጣቴ ዳሰስኩ... ምንም። አንዲት ምልክት እንኳ የለችም። ይህን የመሰለ ሥራ ሠርቶ ዝም ብሎ ሄደ?

ደሴ ያስተማሩኝ ጌታዬ "ስምህን የማታሳርፍበትን ሥራ አትሥራ" ይሉ ነበር።

ግን ሌላ ነገር አየሁ። የሞረዱ ጭረት። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል... እኔ ስሞርድ የሚያዘነብልበት ወገን! ሰውየው ግራኝ ነው። እንደኔ! ቁጭ ብዬ አየሁት። እኔን እቤት ግራ እጄን ወደ ኋላ ያስሩኝ ነበር፣ በቀኝ እንድበላ። እሱንስ አስረውት ይሆን?

ኅዳር 14፣ እሑድ

የአፈሙዙን ብረት አገኘሁ። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የጣሉት የመሰርሰሪያ ቧንቧ። ግድግዳው ወፍራም፣ ቀዳዳው ልክክ። ሦስት ሰው ነው ያወረደልኝ።

ኅዳር 23

የብረቱ ኋላ ስምንት ጎን ነው። ቶርኖ ቤት ወስጄ በማሽን ማስላጥ እችል ነበር። አልወሰድኩም። ያኛው ሰውዬ ቶርኖ ነበረው? ሞርሳ ላይ አጥብቄ አስሬ፣ በሞረድ፣ በግራ እጄ። ስድስት ቀን ሆነኝ፤ አምስቱ ጎን አልቋል።

ይመኙሻል ከምግብ ቤቷ ብቅ እያለች ታየኛለች። ባለቤቴ ምላሷ ከሞረዴ ይብሳል።

"እኔን እንዲህ አሻሽተኸኝ ታውቃለህ?"

"አንቺ ስምንት ጎን የለሽም።"

"ከአንተ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ ጎን ቀርቶልኝ ነው?"

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሰደፉ ከቲክ እንጨት። ብረቱን በኮምጣጤና በጨው አዛግኩት፣ አጠብኩት፣ መልሼ አዛግኩት። እንጨቱን ሻይ አጠጣሁት። ይመኙሻል "ሻይ ቅጠሌን ጨረስከው" ብላ ጮኸች። ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። መንታ!

ባሩድ የሚለኮስባትን ቀዳዳ ግን አልበሳሁም። ነክቼ ብቻ ተውኳት። ከውጭ ሲያዩት ቀዳዳ፣ ከውስጥ ድፍን። ነጅዋ በሉቃስ በኩል አጥብቃ ያስጠነቀቀችው ይህን ነው። እኔም እስር ቤት አላማረኝም።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

አለቀ።

ሞርሳው ላይ አጋድሜ ዞርኩት። በቀኝ፣ በግራ። ከዚያ... ማንም ስላልነበረ ፎከርኩ። አዎ ፎከርኩ፣ መዶሻዬን ይዤ። እዚህ አገር ስንት ዓመት በር ስበይድ ኖሬ፣ ዛሬ ሥራ ሠራሁ። እኔ የአባቴ ልጅ!

ሰደፉ ላይ በለጠፍኩት ትንሽ ናስ ላይ ስሜን ቀረጽኩ። ሠርፀ። ከጎኑ ዓመተ ምሕረቱን፣ ጌታዬ ያደርጉት እንደነበረው በግዕዝ ቁጥር። ቦታው ስለጠበበ ሁለት ሺሁን ተውኩት። ፲፰። ይበቃል። ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት መሆኑን የማያውቅ አለ?

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ሁለቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ፒካፕ ላይ ጭኜ ወሰድኩ። ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። ገለጥ አደረገው። "ዴ ሹኑ፣ ሀበሺ? ምንድነው ይኼ?" ነጅዋ የላከችልኝን የፈቃድ ወረቀት አሳየሁት። አላነበበውም። አፈሙዙ ውስጥ አይኑን ከቶ አየና ሳቁ አላቆም አለው። ጓደኞቹን ጠራ። አብረውት ፎቶ ተነሱ። ከእኔ ሥራ ጋር!

ነጅዋ የለችም፣ ዋው የምትባል ከተማ ሄዳለች። የመጋዘን ጠባቂው ተቀበለኝ። እንዳይምታታባቸው ብዬ ወረቀት ለጠፍኩበት። አንዱ ላይ "ዋናው"፣ አንዱ ላይ "ቅጂው"። ጥንቅቅ ያልኩ ሰው ነኝ።

ታኅሣሥ 21

ሉቃስ አጎቱ ሞቶበት ወደ ሰፈራቸው ሄደ። ስልክ የማይሠራበት ገጠር ነው። "ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ እመጣለሁ። አደራ፣ ዋሴ" አለኝ። ዋሴ! ከሀበሺው ይሻላል።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ምን ብዬ ልጻፈው? እየሳቅሁም እየፈራሁም ነው።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ሱፍ ለብሼ ሄድኩ። ነጅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘኋት። "ኡስታ ሀበሺ! ቅጂህን ወድጄዋለሁ። ግን የብር ቀለም ለምን ቀባኸው?"

ምን? ዞር ስል... የሉቃስ ነፍጥ፣ ዋናው፣ ተማሪዎች የሚነኩት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። የእኔው ደግሞ ግድግዳው መሀል፣ መስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶለት!

ወረቀቶቼ? በአማርኛ ነው የጻፍኩት። እዚያ መጋዘን ማን አማርኛ ያነባል! ጥንቅቅ ያልኩ ሰው ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር... አይ እኔ።

መስታወቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አለ። የእኔ እንግሊዝኛ ከብሎን ቁጥር አያልፍም። አንዲት አስተናጋጅ በአማርኛ "ላንብብልዎ ጋሼ?" አለችኝ። ሄቨን ትባላለች፣ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው።

"የግንብ ነፍጥ። በንጉሥ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ። ለንጉሡ ከተሠሩት ነፍጦች ዐሥራ ስምንተኛው ሳይሆን አይቀርም።"

"የማን ዘመን?"

"የንጉሡ! እኔ ነኝ እኮ ጽሑፉን ያነበብኩላቸው" አለች በኩራት። ከውጭ የመጣው የጦር መሣሪያ አዋቂ ፈረንጅ፣ እዚህ ሰው ከዋጃው የሚለው፣ ናሱን አሳይቷት ነበር። "ሠርፀ ይላል፣ ቁጥሩ ዐሥራ ስምንት ነው አልኩት። ሠርፀ ምንድነው አለኝ። የሰው ስም ነው፣ በዚህ ስም ድሮ ንጉሥም ነበረን፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ አልኩት። ስልኩን አየና ዘለለ!"

ንጉሥ! እኔ የሙኑኪው በያጅ!

ከዋጃው ለእንግዶቹ ሲያስረዳ ሄቨን በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ነበር። "ስምንቱን ጎን እዩት። ዛሬ እንዲህ ያለ እጅ የለም።" ዛሬ እንዲህ ያለ እጅ የለም አለ! እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ደረቴ ሱፉን ሊቀድደው ነበር።

"የእርስዎ ስም ማነው ጋሼ?" አለችኝ።

"ማስረሻ።"

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ጥር 3፣ እሑድ

ለይመኙሻል ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። "ጃንሆይ፣ ምሳ ቀርቧል። ጃንሆይ፣ ጄነሬተሩ ጠፍቷል።" ቀኑን ሙሉ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እጇን እየታጠበች፣ "የሉቃስስ?" አለች።

"ምኑ?"

"ምኑ ይለኛል! ዋስ የሆንክለት።"

"ሲዘጋ ይመጣል፣ ቀለሙን አይቶ የራሱን ይወስዳል። ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም አይነቅዝም። ብረት ግን ይዝጋል" አለችና ሄደች።

ጥር 5

ዛሬም ሄድኩ። በአራት ቀን ለሦስተኛ ጊዜ። ሰው ሲያየኝ እፈራለሁ፣ ሰው ሲያየው ደግሞ ደስ ይለኛል። አንዲት ሽማግሌ ሴት መስታወቱን በእጃቸው ነክተው ግንባራቸውን ነኩ። ለእኔ ሥራ!

ተማሪዎች የሉቃስን ነፍጥ ይጋልቡታል። አንዱ በድንጋይ ቀለሙን ይፍቃል። "ተው!" ብዬ ጮህኩ። ጠባቂው "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ቅጂ እኮ ነው" አለኝ።

ቅጂ እኮ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ብናገርስ? አጭበርባሪ ይሉኛል። አስመስሎ ሠርቶ፣ የንጉሥ ስም ቀርጾ... በዚያ ላይ ከመስታወቱ ያወጡታል። ሀበሺው እንደገና ሀበሺው። ሲዘጋ እነግራታለሁ። ዛሬን ጨምሮ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ስምንት ቀን ልንገሥ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ነጅዋ ደወለች። ቁጭ ብዬ ነው የሰማኋት።

"ኡስታ ሀበሺ፣ ከዋጃው አንድ ሐሳብ አመጣ። ቅጂህን ለሁለት ሰንጥቅልን። ከአፈሙዝ እስከ ኋላ። ተማሪዎች ውስጡን ይዩት። ነገ በሦስት ሰዓት ግራይንደርህን ይዘህ ና።"

"አይሆንም!"

"ምነው? የራስህ ሥራ ስለሆነ አሳዘነህ? ግድ የለም፣ አንተ ካልቻልክ ኮኞኮኞ ገበያ ሌላ በያጅ አለ።"

ሌላ በያጅ። ሉቃስን አባቱ ከቤት አታውጣው ያሉትን፣ በእኔ ዋስትና ያወጣውን... ያ ግራኝ ሰውዬ የሞረደውን ብረት ለሁለት!

"እኔ እመጣለሁ" አልኩ።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? ልጅ አልወለድኩም። ያለኝ ቃሌ ነው።

ጥር 8፣ ዓርብ

ግራይንደሩን ይዤ ሄድኩ። ተማሪዎች ተሰብስበዋል፣ ነጅዋ አለች፣ ከዋጃው መነጽሩን እየጠረገ ቆሟል። የሉቃስ ነፍጥ ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሟል። ግራይንደሩን መሬት አስቀመጥኩት።

"ሄቨን፣ ስቴኪኒ አምጪልኝ።"

"ስቴኪኒ? ምን በልተው ነው ጋሼ ማስረሻ?"

"አምጪ!"

የሉቃስን ነፍጥ የባሩድ መለኮሻ ቀዳዳ ስፈትሽ ቀለም ደፍኗታል። በሚስማር ጫፍ ቀስ ብዬ ቀለሙን ብቻ አነሳሁ። ስቴኪኒውን ከተትኩት። ግጥም ብሎ ገባ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ "መስታወቱን ክፈቱልኝ" አልኩ። ነጅዋ ግራ ገብቷት ከፈተች። ሁለተኛውን ስቴኪኒ በእኔው ቀዳዳ ልከት ስል... ተሰበረ። ድፍን። ደገምኩት። ተሰበረ።

"ይኼ ተኩሶ አያውቅም። ሊተኩስም አይችልም። ቅጂው ይኼ ነው። ያ የብር ቀለም የተቀባው ነው ዋናው፣ ቀለሙም የእኔ በር ቀለም ነው። ሠርፀ ማለት እኔ ነኝ። ዐሥራ ስምንት ማለት ዘንድሮ ነው።"

ሄቨን ትሪውን ለቀቀችው። "ጋሼ ማስረሻ!" አለች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ለሌሎቹ ተረጎመችው።

ነጅዋ ፊቷ ጠቆረ። "ስድስት ቀን ሙሉ እያወቅህ ዝም አልክ?"

"ዝም አልኩ። ሲያመሰግኑት ደስ አለኝ። ጥፋቴ ነው።" አላለቀስኩም እንጂ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ከዋጃው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእኔን ስምንት ጎን በጣቱ ሄደበት፣ አንድ ባንድ። "በምን ማሽን ነው?" አለ በሄቨን በኩል።

"በሞረድ።"

"ማን?"

እጄን ዘረጋሁለት። ግራውን። መዳፌን ይዞ ገለባብጦ አየው። አልሳቀም። "ተሳስቻለሁ" አለ። "ዛሬም እንዲህ ያለ እጅ አለ።"

ይህን ሄቨን ሁለቴ እንድትተረጉምልኝ አደረግሁ። መስማት ስላልቻልኩ አይደለም።

ጥር 9

ነጅዋ አልደወለችም። ይመኙሻል "ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ?" አለች። ከዚያ ሳታስበው ይሁን አስባ፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋኝ አለፈች።

እንቅልፌን ጠገብኩ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ትናንት ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፤ የሉቃስን ነፍጥ ራሴ ሄጄ ተረከብኩ። ሉቃስ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ሁሉንም ነገር ራሴ ነገርኩት፣ ሌላ ሰው ሳይነግረው። መጋለባቸውንም፣ መዘግየቴንም። የተፋቀውን ቀለም አሳየሁት፤ ብረቱ አልተነካም። ሰምቶ እንዳይቆጣብኝ ፈርቼ መሬት መሬት አያለሁ።

"ግራይንደር በእጅህ ይዘህ አልቆረጥከውም" አለ።

"አልቆረጥኩትም።"

"እንግዲያው እንደወሰድከው መለስከው። ታማም፣ ጥሩ ነው።" ከዚያ "ኡስታ፣ የእኛም ነፍጥ ላይ ስምህን ቅረጽልን። አንተ ባትኖር ዛሬ ሁለት ቁራጭ ነበር" አለኝ።

እውነቱን ልጻፍ፤ እጄ በላኝ። እዚያ ላይ ስሜ ቢኖር ልጅ ልጆቻቸው ያነቡኝ ነበር።

"የሌላ ሰው ሥራ ላይ ስሜን አላሳርፍም" አልኩት። ይህን ስናገር ከንጉሥነቴ ቀን ይልቅ ኮራሁ።

ቤቱ ወስደን ቦታው መለስነው። በሩን ሲከፍት አንድ ጎረቤት ቆሞ "ይህን በር ማን ነበር የሠራው?" አለው። ሉቃስ እኔን አየና፣ "ኡስታ ሠርፀ" አለ። ሠርፀን "ሰርሳ" ብሎ ነው የጠራው። ይሁን፣ ይለምደዋል።

ጥር 24፣ እሑድ

ነጅዋ ራሷ ሱቄ መጣች። ሻይ ጠጣች። የእኔ ነፍጥ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ሊዞር ነው፤ ልጆች ይነኩታል፣ ይጋልቡታል። ይጋልቡት! አይሰበርም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ከናሱ ላይ ከ፲፰ በፊት ፳፻ን አስገባሁበት፣ ጠቦም ቢሆን። አዲሱን ጽሑፍ አነበበችልኝ። "የግንብ ነፍጥ፣ ቅጂ። ሠሪ፦ ሠርፀ፣ በያጅ፣ ሙኑኪ።"

ከሥሩ የዋናው ፎቶ አብሮ ይሄዳል። የዚያንም አነበበችው። "ሠሪ፦ አይታወቅም።"

"አንድ ነገር ጨምሪበት" አልኳት። "ግራኝ ነበር።"

"በምን አወቅህ?"

ሁለት ቁራጭ ብረት ሞርሳ ላይ አሰርኩ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ሞረድኩና ጭረቱን አሳየኋት። ከዚያ ስፈታው ያነሳሁትን የዋናውን ሆድ ፎቶ ከስልኬ አወጣሁ። በግራ ከሞረድኩት ቁራጭ ጋር አስተያየችው። እስክሪብቶ አወጣችና እዚያው ጻፈችው።

ስሙን አላገኘሁለትም። እጁን ግን አገኘሁለት።